በደብረ ብርሃን አንድ የእንስሳት ክሊኒክ፦ የውሻችን የሚጥል ሕመምና በስምንት ወር ያየነው አገልግሎት

ስለዚህ ክሊኒክ የምጽፈው፣ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ውሻው በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ ቢያይ ወዴት እንደሚወስደው፣ ወስዶም ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚያገኝ የሚነግረው ሰው እንደሚያጣ በራሴ ላይ ስላየሁት ነው። በእኛ አካባቢ የእንስሳት ሕክምና ሲባል ሁሉም የሚያስበው በግ፣ ላምና ፈረስ ነው፤ ውሻ ከታመመ ወይ በራሱ ይድናል፣ ወይ ይሞታል ተብሎ ይተዋል። ክሊኒኩ በግል የሚሠራ፣ አንድ ሐኪምና አንድ ረዳት ያሉት፣ ከደሴው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ ባለሁለት ክፍል ቤት ነው። የምጽፈው ምስጋናም ቅሬታም ያለበት ስለሆነ ስሙን ትቼዋለሁ። ከኅዳር እስከ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ስድስት ጊዜ ተመላልሰንበታል።

ነብሮ አራት ዓመት ያለፈው፣ 22 ኪሎ የሚመዝን፣ በቡችላነቱ ጠባሴ ከምትኖር ዘመዳችን ቤት ያመጣነው የሐበሻ ውሻ ነው። በኅዳር አጋማሽ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ የግቢው ቆርቆሮ በር ደጋግሞ ሲመታ ሰምተን ወጣን። ነብሮ በጎኑ ወድቆ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ አራት እግሮቹ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ እየቀዘፉ በሩን ይመቱ ነበር። መንጋጋው ይንገጫገጫል፤ ከአፉ አረፋ ይወጣል፤ ዐይኑ ተከፍቷል፣ ግን አያይም፤ ከሥሩ የፈሰሰው ሽንት በብርዱ ይጨሳል። ስሙን ብጠራው ጆሮው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

እናቴ ክብሪት ጭራ በአፍንጫው ሥር ያዘችለት፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ሲደረግ ያየችውን ማድረጓ ነበር። ጩኸታችንን የሰማው ጎረቤታችን ደግሞ «አንቺ ልጅ፣ ራቂ! ይኼ ውሻ አብዷል፤ ሰው ሳይነክስ ይገደል» እያለ ዱላ ይዞ መጣ። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሰው ሲገድል ያየ ሰው፣ አረፋ የሚደፍቅ ውሻ ሲያይ ዱላ ቢያነሣ አይፈረድበትም። እኛ እየተከራከርን ሳለ መንፈራገጡ ቆመ፤ ሰዓት ያየ ሰው ስላልነበረ ግን ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላወቅንም። ነብሮ ተነሥቶ ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ፣ እኛንም ሳይለይ ግቢውን ዞረ፤ ብዙ ውኃ ጠጣ፤ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እንደ ወትሮው መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ።

ጠዋት ክሊኒክ ለመውሰድ ሁለት ባጃጆች ውሻ አንጭንም አሉን፤ ሦስተኛው ከሥሩ ማዳበሪያ አንጥፈን ሁለት እጥፍ ስንከፍለው ወሰደን። ክሊኒኩ የሚከፈተው በ2:30 ነው፤ መጠበቂያ ክፍል ስለሌለው ከበጎችና ከአንድ አህያ ጋር ደጅ ላይ በብርድ ተሰልፈን ጠበቅን። ለፈራ ውሻ ይህ መልካም አይደለም፤ አህያው ባናፋ ቁጥር ነብሮ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሕመሙ የተመለሰበት እየመሰለን ተሳቀቅን።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ክሊኒኩን የማመሰግንበት ነው። ሐኪሙ ውሻውን ከመንካቱ በፊት ጓንት አጥልቆ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ የእብድ ውሻ ክትባት ተከትቦ እንደሆነ፣ ቀጥሎም ሰው ነክሶ እንደሆነና ለሃጩ የሰው ቁስል ነክቶ እንደሆነ ነበር። የክትባት ወረቀቱን እናቴ ከነቤት ካርታው አጣጥፋ በምታስቀምጥበት ፌስታል ይዛው መጥታ ስለነበር አሳየነው። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ጠባዩ እንደሚለወጥ፣ መዋጥ እንደሚያቅተው፣ መንጋጋው እንደሚንጠለጠል፣ በየቀኑ እየባሰበት ሄዶ ምልክቱ ከታየ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ እንደሚሞት አስረዳን፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጅራቱን እየቆላ ምግብ የሚለምን ውሻ ሌላ ነገር ሊታሰብለት ይገባል። ይህን ያለው ግን እንድንዘናጋ አልነበረም። ያልተከተበ ውሻ ወድቆ ቢንፈራገጥ ማንም እንዳይጠጋው ለብቻው ተዘግቶበት ለሐኪም መነገር እንዳለበት፣ የተነከሰ ሰው ቢኖርም ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ደጋግሞ ተናገረ።

የክትባትን ነገር ካነሣሁ፣ ለሰሜን ሸዋ ሰው ይህ የውሻና የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመንዝ ጓሳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ቁጥራቸው እጅግ ካነሰ የዱር እንስሳት አንዱ ነው፤ ከሚያጠፉት ዋነኛ ነገሮችም አንዱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሐኪሙ በጠረጴዛው ላይ የክትባት መዝገብ አስቀምጦ ለሌላ ጉዳይ የመጣውን ባለውሻ ሁሉ ሲጠይቅ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

ቀጥሎ የጠየቀን የበጎቹን ጉዳይ ነበር። «በዚህ ሳምንት በጎቻችሁን በዲያዚኖን ረጭታችኋል ወይ?» ሲል መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ኋላ እንዳስረዳን፣ ለመዥገርና ለቅማል የምንረጨው ይህ መድኃኒት ውሻው የተረጨውን በግ ወይም የተበጠበጠበትን ባልዲ ቢልስ ይመርዘዋል፤ የተመረዘ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዐይኑ ያነባል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዐይኑ ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻው ይርገበገባል፣ ከዚያም ይጥለዋል። ቶሎ ከተደረሰበት አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለው። ሌላው ያነሣው መርዝ ለባዘኑ ውሾች ማጥፊያ የሚጣለው ስትሪክኒን ነው፤ ይህኛው ውሻውን እንደ እንጨት ያደርቀዋል፤ ድምፅ በሰማና ሰው በነካው ቁጥር ይብስበታል፤ ውሻው ግን እየተሠቃየም ነፍሱን ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ከተጠረጠረ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ደቂቃ ሳያባክኑ መውሰድ ነው። እኛ በጎቹን ከረጨን ሁለት ወር አልፎን ነበር።

ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስዶ ለሰው የስኳር በሽታ በሚያገለግለው ትንሽ መለኪያ የደሙን ስኳር አየ፤ ሙቀቱን፣ የድዱን ቀለም፣ የልቡን አመታት መረመረ። ሁሉም ደህና ነበር። በዚህ ጊዜ እናቴ «ልጄ፣ እንግዲያው አንድ መርፌ ወግተህ ስደደና» ብላ ለመነችው። እሱም «እማማ፣ አሁን ብወጋው ገንዘብዎን እወስዳለሁ እንጂ ለውሻው የሚጠቅመው ነገር የለም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለጣለው አንጀምርለትም» አላት። እናቴ ቅር ብሏት ወጣች፤ እኔም በሆዴ የተከፈለው 350 ብር በከንቱ የሄደ መስሎኝ ነበር። በእኛ ሀገር ሐኪም የሚመዘነው በመርፌው ነው፤ ብዙ ሰው ያለ መርፌ ከተመለሰ እንዳልታከመ ይቆጥረዋል። ዛሬ ሳስበው ግን ከክሊኒኩ ካገኘናቸው አገልግሎቶች ሁሉ የሚበልጠው ያን ቀን መርፌ አለመውጋቱ ነው፤ የማያስፈልግ ቫይታሚን ወግቶ ቢሸኘን ኖሮ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንሄድ ነበር፣ ስለ ሕመሙ ግን ምንም ሳናውቅ እንቀር ነበር።

በመርፌው ፋንታ የሰጠን ግማሽ ገጽ በእጁ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ከቀን መቁጠሪያው ጎን ለጥፈነዋል። ወረቀቱ የሚጀምረው «ሰዓት እዩ» በሚል ትእዛዝ ነው። ብዙውን ጊዜ መንፈራገጡ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያቆማል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከጣለው፣ ወይም በመካከሉ ነፍሱን ሳያውቅ ደግሞ ከጀመረው፣ የሰውነቱ ሙቀት እየጨመረ አንጎሉን ስለሚጎዳው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። እጅም ሆነ ማንኪያ ወደ አፉ አይገባም፤ ውሻ ምላሱን አይውጥም፣ መንጋጋው ግን ሳያውቅ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ይዞ ማፈን አያስፈልግም፤ ከእሳት፣ ከደረጃና ከሹል ነገር አርቆ ከጭንቅላቱ ሥር ጋቢ ወይም ባና ማድረግ፣ መብራቱን መቀነስ፣ ልጆችን ማራቅና ድምፅ መቀነስ ይበቃል። ክብሪቱንም አንሥቶታል፦ ጭሱ ውሻውን አያነቃውም፣ የያዘውን ሰው እጅ ግን ወደ ጥርሱ ያቀርበዋል። መንፈራገጡ ቆሞ በደንብ እስኪነቃ ድረስ ምግብም ውኃም አይሰጠውም፤ በዚያ ሰዓት የገዛ ጌታውንም ላይለይ ስለሚችል ሊነክስ እንደሚችል ታስቦ ራቅ ብሎ በዝግታ መጥራት ይሻላል። ከተቻለ በስልክ ቪዲዮ ይቀረጽ፤ ሐኪሙ ያላየውን ነገር ከአሥር ሰው ወሬ ይልቅ ቪዲዮው ያሳየዋል።

ያን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀምንበት ለሌላ ነገር ሆነ። በጥር፣ በጥምቀት ማግስት፣ ነብሮ ከወንድሜ ጋር በጎቹን ሲያባርር ውሎ ሲመለስ፣ ውኃ ሳይጠጣ በቀዝቃዛው መሬት ላይ ትንሽ ተኝቶ ሊነሣ ሲል የኋላ እግሩ ወደ ኋላ ተወጥሮ ደረቀበት። ታናሽ እኅቴ «ጣለው! ጣለው!» ብላ ጮኸች። ሰዓቴን ይዤ ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ ስልኩን አነሣ። የጠየቀኝ፦ ስሙን ስትጠሩት ያያችኋል? የተወጠረው አንድ እግሩ ነው ወይስ መላ አካሉ? ሽንት አምልጦታል? ነብሮ ስሙን ስጠራው ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ እግሩን ይልሳል፤ ሲነካበት ያላዝናል፤ አፉም ደረቅ ነው። «እንግዲያው ይህ የጡንቻ መኮማተር ነው፤ የሚጥል ሕመም አይደለም» አለኝ። ጡንቻውን በመዳፌ ከላይ ወደ ታች በዝግታ እንዳሸው፣ እግሩን በግድ እንዳልጎትት፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ እንዳደርግበትና ውኃ እንድሰጠው ነገረኝ። ከጭኑ በታች ያለው ጡንቻ በጣቶቼ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነበር፤ እያሸሁት ቀስ በቀስ ላላ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላም ነብሮ ተነሥቶ እያነከሰ ውኃው ጋ ሄደ።

የሁለቱ ልዩነት እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በድንጋጤ ጊዜ ግን አብረው ይምታታሉ። የጡንቻ መኮማተር የያዘው ውሻ ያመዋል፣ ግን ራሱን ያውቃል፤ ሲለቀውም ወዲያው ደህና ነው። የጣለው ውሻ ራሱን አያውቅም፤ ከነቃ በኋላም ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴ ለሰዓታት፣ ግራ ተጋብቶ ይቆያል። ልቡ የደከመ ውሻ ደግሞ ሲሮጥ ድንገት ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቅና ድዱ ገርጥቶ በሰከንዶች ውስጥ ይነሣል። ሐኪሙ በተለይ ያስጠነቀቀን ነገር ቢኖር፣ ሕመሙን ለማስታገስ ብለን ለሰው የሚሰጥ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን እንዳንሰጠው ነው፤ ሁለቱም ውሻን ይጎዳሉ። የምታጠባ ውሻ ካለችን፣ ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻዋ እየተርገበገበ መራመድ ካቃታት የካልሲየም እጥረት ሊሆን ስለሚችል ማሸት እንደማይበቃት፣ በፍጥነት መምጣት እንዳለባት ጨመረልኝ። ለዚህ የስልክ ምክር ምንም አላስከፈለንም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከሚያዝያ ነው። በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ነብሮን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጣለው፤ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቆየ፤ ቪዲዮም ቀረጽኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደገመው። ወረቀቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከጣለው አስቸኳይ ነው ይላል፤ ስለዚህ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነበር። ክሊኒኩ እሑድ አይሠራም፤ በሌሊት ሌላ የሚጠራ ሐኪም የለም፤ አዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሦስተኛ ጊዜ ቢመጣና ባይቆም ምን እንደምናደርግ ሳናውቅ፣ ጭንቅላቱ ሥር ባና አድርገን እሑድን ሙሉ አብረነው ዋልን። መንፈራገጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ባለቤቶች ወዲያው ሐኪም እንዲያገኙ የሚያዝ ወረቀት የሰጠ ክሊኒክ፣ በሌሊት የሚደርሱበትን መንገድ ሳያዘጋጅ መተዉ ትልቅ ጉድለት ነው። ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ሳልሸሽግ ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ማስተባበያም አልደረደረም። መንፈራገጡን የሚያስቆመውን ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በፊንጢጣው በኩል እንዴት እንደሚሰጥ ለእኔና ለወንድሜ አሳየን፤ ለነብሮ ክብደት የሚሆነውን ልክ በሲሪንጁ ላይ በእስክሪብቶ አሰመረልን፤ መቼ እንደሚሰጥና ከተሰጠም በኋላ ውሻው ካልቆመለት ምን እንደሚደረግ ጻፈልን። ይህን ከኅዳር ጀምሮ ቢያደርገው ኖሮ ያን እሑድ እንዲያ ባልዋልን ነበር።

ቪዲዮውንና የጣለውን ቀን የምንጽፍበትን ደብተር አይቶ በየቀኑ የሚወሰደውን መድኃኒት የጀመረለት በዚያን ቀን ነው። ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ በመካከሉ ውሻው ፍጹም ጤነኛ የሚሆንበት፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ሕመም በአብዛኛው ከተፈጥሮ የሚመጣ የሚጥል በሽታ መሆኑን፣ እንደማይድን ግን እንደሚቀነስ አስረዳን። ያዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፦ 60 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ፣ ማለትም ባለ30 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት ክኒን። ይህ ልክ ለነብሮ ክብደት የተሰላ ስለሆነ ሌላ ሰው ለውሻው እንዳይወስደው አደራ እላለሁ። ክኒኑ ለሰውም የሚታዘዝ፣ ዋጋውም የማይከብድ ነው፤ ነገር ግን ቁጥጥር ያለበት በመሆኑ የሄድንበት የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት የእንስሳት ሐኪም ማዘዣ አንቀበልም ብሎ መለሰን፤ ሁለተኛው አልነበረውም፤ ሦስተኛው ሐኪሙን በስልክ አነጋግሮ ሰጠን። ክሊኒኩ የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚቀበለው ቀድሞ አረጋግጦ ቢነግረን ግማሽ ቀናችን አይባክንም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱን። ነብሮ እንደ ሰከረ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ይተኛል፤ ሲነሣ ያለማቋረጥ ውኃ ይጠጣል፤ ረኀቡም የማይጠግብ ሆነ፤ እናቴ ለማቡኪያ ያስቀመጠችውን ሊጥ ሳይቀር ልሶ ጨረሰ። ይህ ሁሉ እንደሚመጣ፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እስኪረጋ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚወስድ፣ ከዚያም መንገዳገዱ እንደሚቀንስ ሐኪሙ ቀድሞ ነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም። ያስጠነቀቀንም፣ ደህና ሆነ ብለን በራሳችን እንዳናቋርጠው ነው፤ በድንገት የተቋረጠ ፌኖባርቢታል ከበፊቱ የባሰ መንፈራገጥ ሊያስነሣ ይችላል። ለዚህ ብለን ክኒኑ ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት እንገዛለን፤ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ እንጀራ ውስጥ ጠቅልለን እንሰጠዋለን፤ የሰጠም ሰው ደብተሩ ላይ ይፈርማል።

የክሊኒኩ ሌላ ጉድለት ላቦራቶሪው ነው። ፌኖባርቢታል በረጅም ጊዜ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ክሊኒኩ ለዚህ የሚሆን መሣሪያ የለውም። ሐኪሙ ይህን ሳይደብቅ፣ ቢሾፍቱ ወደሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚወሰድ ወረቀት ጽፎልናል፤ መንገዱ ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባን አቋርጦ የሚሄድ ስለሆነ ውሻ ይዞ በሕዝብ ማመላለሻ የሚሞከር አይደለም፤ እስካሁን አልሄድንም። የአፍ ማሰሪያቸውም አንድ ብቻ ነው፤ ለነብሮ ስለጠበበው በሻሽ አሰሩት። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው የራሱን ማሰሪያና ወፍራም ገመድ ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲህ የጣለው አንድ ጊዜ ነው፤ በሰኔ፣ ለ40 ሰከንድ። ጎረቤታችን በዚያን ዕለትም በአጥሩ ላይ ነበር፤ ዱላ አላነሣም፤ «ስንት ሰከንድ ሆነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሐምሌ የራሱን ሁለት ውሾች ይዞ አብሮን ክሊኒኩ ሄዶ አስከትቧቸዋል።

በዚያው ቀን ለሐኪሙ የሌሊቱን ስልክ ጉዳይ ደግሜ አነሣሁበት። ብቻውን ሌሊቱንም ቀኑንም መሥራት እንደማይችል፣ ከሌላ የሙያ ባልደረባው ጋር ሳምንት በሳምንት ለመፈራረቅ እየተነጋገሩ እንደሆነ ነገረኝ። ስንወጣ በሩን አየሁት፤ የሥራው ሰዓት እንጂ የሌሊት ቁጥር ገና አልተለጠፈበትም።